እንሶስላው ሳይለቅ

ሸዋወርቅ «ደረቴ ላይ እሳት አለ» ማለት ከጀመረች ወዲህ መቐለ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው አልተገኘም። ጎረቤቷ «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተዪ» ትላታለች። አብረዋት የሚያስተምሩት ተልባ ወቅጠው፣ አብሽ ዘፍዝፈው በጠርሙስ ያመጡላታል። ፋርማሲስቱ ገና ከበር ስትገባ ሲያያት ነጩን ሽሮፕ ከመደርደሪያ ያወርዳል። የባሏ እህት ኣሰለፈች ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» ባይ ናት። እስቲ አሁን ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል «ለመሆኑ ምን አድርገውሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ይጠፋል? ጠፋ እንጂ! ምን እንዳደረጓት እኮ ሁሉም ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር ማን ይጠይቃል?

ሸዋወርቅ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ባሏን ሃይለን ያገኘችው የውሃ ፓምፕ ጥገና ሊሠለጥን እዚያ በመጣ ጊዜ ነው። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ተጋቡና ተከትላው መቐለ ገባች። እሱ ከከተማው ዳር፣ ዓይናለም ያሉት የውሃ ጉድጓዶች ጋ ተቀጠረ፤ እሷ ሰሜን በኩል አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ ሆነች። ትግርኛውን ዓመት ሳይሞላት ለመደችው። አማቷን «ኣደይ»፣ እናቴ፣ ኣሰለፈችን «ሓፍተይ»፣ እህቴ፣ አለች፤ አፏ ብቻ ሳይሆን ሆዷም ነበር እንዲያ የሚለው። ደብረ ብርሃን የቀሩላት እናቷና ታናሽ ወንድሟ ፈንታሁን ብቻ ነበሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ትምህርት ሲዘጋ ሄዳ እናቷን አይታ ትመለሳለች። ከዚህ ሌላ ከዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

በዘጠና ዓ.ም. ጥር ላይ ኣሰለፈች ልታገባ ሆነ። ሸዋወርቅ ወገቧን ታጥቃ ተነሣች። ሽንኩርቱ በእሷ፣ ብቅሉ በእሷ፣ እንግዳ ማሳደሩ በእሷ። በሠርጉ ዋዜማ ሴቶቹ ተሰብስበው እንሶስላ ሲሞቁ ኣደይ የእሷን እጅ ራሳቸው ይዘው ቀቡላት። ሲቀቡላት ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሸዋወርቅ «ልጃቸው ልትሄድባቸው ነው፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው» ብላ ደረታቸው ላይ ተደፍታ አጽናናቻቸው። አጽናናቻቸው እኮ ነው የምላችሁ! እሷ እሳቸውን!

እሑድ ሠርጉ ደመቀ። ከበሮው ሲመታ፣ ጓይላው ሲዞር ውሎ፣ አመሻሹ ላይ «በሉ እስቲ የሸዋዋን እስክስታ እንይ!» ብለው መሃል አወጧት። ሰው ክብ ሠርቶ አጨበጨበላት። ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን ፊቷ ላይ ደቀነ። እሷም ወረደችው! ትከሻዋ እስኪነቀል፣ ነጠላዋ ወልቆ እስኪወድቅ ወረደችው። ሃይለ ጥግ ቆሞ ያያታል፤ አያጨበጭብም። «ደክሞት ነው» አለች በልቧ።

ሠርጉ አለፈ፣ መልሱም አለፈ። ድንኳኑ ግን አልተነሣም። «ምን ያደርጋል ይሄ ድንኳን?» ብትል «ባለቤቶቹ ነገ ይወስዱታል» አሏት። ረቡዕ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። እሑድ ያጨበጨቡላት ሰዎች በሙሉ ጋቢና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከፊታቸው የሃይለ አጎት አቦይ ኣፅብሃ ናቸው፤ «ሸዋ ጓለይ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እናትሽ አርፈዋል» አሏት።

ጮኸች። ደረቷን መታች። ሴቶቹ እጇን ሊይዙ ሲታገሉ ድንገት የገዛ እጇን አየችው፤ በእንሶስላ ቀልቷል። በዚያ እጅ ነው እናቷን የምታለቅሰው። ቀና ብላ ዙሪያዋን ስታይ ከለቀስተኛው አንድም የደነገጠ ፊት የለም። ለካ ለሁሉም አዲስ አይደለም! ለካ ድንኳኑ የቆየው ለዚህ ነው! ለካ ትከሻዋን ስትሰብቅ ያጨበጨቡላት እናቷ መሞቷን እያወቁ ነው!

መርዶ ይቆያል፣ እሺ። ሰው መንገድ ላይ እንዳይሆን፣ ለብቻው እንዳይሰማ ይባላል፤ ወጋችን ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ሠርግ እንዳይበላሽ ብሎ መርዶ የሚደብቅ፣ ደብቆም ባለ ሐዘኗን መሃል አውጥቶ የሚያስጨፍር ወግ የየት አገር ነው?

ሃይለ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ አስረዳት። «እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁት፤ ፈንታሁን ባለፈው ሐሙስ ነው የደወለው፤ ቀብሩ አልፏል። ነግሬሽ ምን ልታደርጊ ነበር? ለአንቺ ብዬ ነው» አላት። ሐሙስ ከሆነ፣ ቀብሩ ካለፈ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል ብላ ይህን ይዛ ደብረ ብርሃን ሄደች።

ፈንታሁን በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሊስማት ጎንበስ አለና ዓይኑ እጇ ላይ ወደቀ። እንሶስላው ገና አልለቀቀም።

«ሠርግ ላይ ነበርሽ?» አላት።

«ፈንታዬ፣ አላወቅኩም እኮ! የነገሩኝ ከትናንት ወዲያ ነው!»

«ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው የደወልኩት። ገና እንዳረፈች። ሃይለን ራሱን ነው ያገኘሁት። “አሁኑኑ ይዣት እነሣለሁ፣ እንዳትቀብሩ፣ ጠብቁን” አለኝ። እኛም ሬሳ አሳድረን ጠበቅንሽ፣ ሸዋ። አገር እስኪታዘበን ሁለት ሌሊት አሳደርናት። መኪና በቆመ ቁጥር እየሮጥኩ ስወጣ ነበር።»

«ሐሙስ ነው የደወለው ብሎኛል።»

«እንግዲያው ከሁለታችን አንዳችን ውሸታም ነን» አለና ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ አላናገራትም። ተዝካር ላይ አላናገራትም፣ ሙት ዓመት ላይ አላናገራትም። ስልክ ስትደውል ሚስቱ ናት የምታነሣው።

ሸዋወርቅ መቐለ ተመልሳ ባሏን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ሃይለ፣ ሰኞ ደውሎልሃል ወይስ አልደወለልህም?»

«ወንድምሽ በሐዘን ቀኑ ተምታቶበት ነው። ሐሙስ ነው አልኩሽ፣ ሐሙስ ነው!»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን!»

ማለ። ዓይኑን ግን መስኮቱ ላይ ነበር የተከለው። እንግዲህ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህቺ ሴት ከአንድ ጥያቄ ጋር መኖር ጀመረች፤ የሚዋሸው ባሌ ነው ወይስ ወንድሜ? መልሱን ልቧ ያውቀዋል። ግን ከራሱ አፍ ካልወጣ ወንድሟን በምን ቃል ትመልሰው? ሽማግሌ ሰበሰበች። አቦይ ኣፅብሃና ሁለት የሰፈር ሰዎች መጥተው ጠላቸውን ጠጡና «ሰኞም ይሁን ሐሙስ እናትሽ አይመለሱም፣ ትዳርሽን ያዢ፣ ቻይው» ብለው መርቀዋት ሄዱ። የንስሐ አባቷ ጋ ሄደች። «ቂም ይዘሽ ቅዱስ ቁርባን እንዳትቀርቢ» ብለው ስግደት አዘዙባት። የተበደለችው እሷ፣ የምትሰግደው እሷ! ኣሰለፈችማ ጭራሽ ተቀየመች። «ሠርጌን በነገር አቆሸሸችው» አለች።

ቻለችው እንግዲህ። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ልጅ አሳደገች፣ ኣደይን አስታመመች፣ ቀበረች። ከውጭ ላየ ሰው ሸዋወርቅ ደርባባ፣ ዝምተኛ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» የምትባል ሴት ሆነች። እሳቱ የጀመራት ያኔ ነው። መጀመሪያ ከጡቶቿ መሃል ትንሽ ሙቀት ይሰማታል፤ ቀጥሎ የሆነ ነገር ወደ ጉሮሮዋ ወጥቶ ይወተፋል፤ ከዚያ ፊቷ ይነዳል። በቁር ወራት፣ የመቐለ ነፋስ ቆርቆሮ በሚያንኳኳበት ሰዓት እሷ መስኮት ትከፍታለች፣ ጋቢ ትወረውራለች። ትተነፍሳለች፣ ደግማ ትተነፍሳለች፣ አይወጣላትም። ሆስፒታል ካሜራ ያለው ቱቦ አስውጠው ጨጓራዋን አዩት። ሐኪሙ «ንጹሕ ነው፣ አታካብጂው» አላት።

የባሰው ግን ካሴቱ ነው። በየፋሲካው ቤተሰብ እነሱ ጋ ይሰበሰባል፤ ኣሰለፈች የሠርጓን ቪዲዮ ይዛ ትመጣለች። ካሴት ሲቀር ወደ ሲዲ አስገለበጠችው። ዶሮው ተበልቶ ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው «የሸዋ እስክስታ ጋ አድርሱት!» ይላሉ። ይደርሳል። ሸዋወርቅ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እጇን በእንሶስላ አቅልታ ትሰብቃለች። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ እንደገና! በዚያች ሰዓት እናቷ ደብረ ብርሃን አፈር ለብሳለች። ሸዋወርቅ ትሪውን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ትገባና ደረቷን ይዛ ግድግዳ ትደገፋለች። ሃይለ ያያታል። አያጠፋውም! እጁን ዘርግቶ ያቺን ቁልፍ አይጫናትም!

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ከኮርያ የመጡ የበጎ ፈቃድ ሐኪሞች ሰሜን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ በነጻ ያክሙ ነበር። ልጇ ትምኒት እንግሊዝኛዋን ተማምና ይዛት ሄደች። ሐኪሟ በሸዋወርቅ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ዶክተር ፓርክ ይሏታል። የሆስፒታሉን የምርመራ ወረቀቶች አገላበጠችና ወደ ጎን ተወቻቸው። ከዚያ አውራ ጣቷን አነሣችና ልክ ከሸዋወርቅ ጡቶች መሃል፣ አጥንቱ ላይ ጫን አደረገችው።

ሸዋወርቅ ጮኸች። ዘለለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሐኪሟ አልደነገጠችም። በትምኒት በኩል አንድ ነገር ጠየቀች። ትምኒት ለመተርጎም አመነታች። «እማ፣ “ማን ነው የበደለሽ?” ነው የምትልሽ።»

ማን ነው የበደለሽ! ስንት ዘመን ሙሉ ማንም ያልጠየቃትን ጥያቄ ባሕር ተሻግራ የመጣች ሴት ጠየቀቻት። ሸዋወርቅ ተናገረች። ሰኞን ተናገረች፣ ሐሙስን ተናገረች፣ ካሴቱን ተናገረች። ትምኒት የማታውቀውን የገዛ ቤቷን ጉድ እየሰማች፣ እያለቀሰች ተረጎመች። ዶክተር ፓርክ እስከ መጨረሻው ሰማችና «በእኛ አገር ስም አለው» አለች። «ሁዋብዮንግ ይባላል፤ የእሳት በሽታ ማለት ነው። ተበድለው ዝም በሉ የተባሉ ሰዎች ይይዛቸዋል። ከሁሉ ይልቅ እናቶችን። የኔም እናት ነበረባት፤ እስክትሞት ጨጓራ ሲሏት ኖሩ።» የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጠቻት። ከመውጣታቸው በፊት ግን እጇን ይዛ «ይኼ ክኒን ያስተኛሻል እንጂ የልብሽን አያደርስልሽም፤ የበደለሽ ሰው ይስማሽ» አለቻት።

ሸዋወርቅ ያን ቀን እየበረረች ነው ቤቷ የገባችው። ስም አለው! ዕብድ አይደለችም፣ ቂመኛም አይደለችም! ለሃይለ ነገረችው። አዳመጣት፣ አዳመጣትና ሳቀ። «አሁን ደግሞ የኮርያ በሽታ ይዞሻል?» አላት። በቀጣዩ ፋሲካ ኣሰለፈች ቤቱ ሙሉ ሰው ባለበት «ኮርያዊቷ እንዴት ዋለች?» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስሙም በዚያው ጸደቀባት።

ዓመታት አለፉ። ኋላ ላይ እሳቱ እንቅልፍ ነሳት፣ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ጠመኔ ይዛ ትቆምና የምትለው ይጠፋባታል። በሁለት ሺህ ዐሥር ዓ.ም. ኣሰለፈች ቆርጣ ተነሣች። «ይኼ መንፈስ ነው። ሐኪም አላገኘውም፣ ጠበል ያገኘዋል» አለች። ሃይለም ተስማማ። ጾመው፣ የሚያውቁትን ሹፌር ሀሰንን ከነሚኒባሱ ተከራይተው ከቁሓ ወዲያ ወዳለ አንድ ጠበል በማለዳ ወሰዷት። ሸዋወርቅ እንቢ አላለችም። ጠበልን ታምናለች፤ የደረቷ እሳት ሰይጣን መሆኑን ነው የማታምነው።

አጥማቂው አባ ተስፋማርያም ናቸው። በቀዝቃዛው ውሃ ከአናቷ ጀምረው ነከሯት፣ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ፣ በመቁጠሪያቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። ሃይለና ኣሰለፈች ከጎን ቆመዋል። ሰው ዙሪያውን ከቧል። ክብ ሠርቶ ቆሞ የሚያያትን ሰው ስታይ ያ ሠርግ መጣባት። እሳቱም ከነነበልባሉ ተነሣ።

«ማን ነህ አንተ? ተናገር!» አሉ አባ።

«ሸዋወርቅ ነኝ» አለች።

«አትዋሽ! ስምህን ተናገር!»

«ሸዋወርቅ ነኝ አልኩ! ሸዋወርቅ!»

«ለፈለፈ! ለፈለፈ!» አለ ሰዉ። እልልታ ቀለጠ። አንዷ ከኋላ «ኣማርኛ እኮ ነው የሚናገረው» ስትል ተሰማች።

«በምን ምክንያት ያዝካት?»

«እናቴ ሰኞ ሞተች!» ብላ ጮኸች ሸዋወርቅ። በዕድሜዋ እንዲያ ጮኻ አታውቅም። «ሰኞ ሞታ እሑድ አስጨፈሩኝ! ወንድሜ ሬሳ አሳድሮ ጠበቀኝ! ይኼ የቆመው ሰውዬ ሐሙስ ነው የሰማሁት ብሎ በማርያም ማለብኝ! ወንድሜን ውሸታም አደረገብኝ! ጠይቁት! መቼ ነው የሰማኸው በሉት!»

አባ ወደ ሃይለ ዞሩ። «እውነት ነው ወይ?»

ሃይለ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እውነት ነው አባቴ! ሰኞ ነው የሰማሁት! እህቴ “ሠርጌን አታበላሽብኝ” ብላ ለመነችኝ። ድግሱ ያለ ሸዋ አይሆንም ነበር። ለእሷ ብዬ አልነበረም፣ ዋሽቻለሁ፣ በማርያም በሐሰት ምያለሁ! በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ ልቀቃት!» አለ።

ይቅር በለኝ! ለማን? ለሰይጣኑ! ሚስቱ በአንድ መኝታ አጠገቡ እየነደደች ስትለምነው የኖረችውን ቃል፣ ዛሬ ለማያውቀው ሰይጣን ተንበርክኮ አስረከበ!

ሸዋወርቅ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ጣለው፣ ተመስገን» አሉ። በጋቢ ጠቀለሏት፣ ደግፈው ሚኒባሱ ውስጥ አስገቧት። ዓይኗን ጨፍና ተደገፈች። መንፈስ ያደረበት ሰው የለፈለፈውን አያስታውስም ይባላል፤ እነሱም ይህንን ነው የተማመኑት። መኪናው ትንሽ እንደሄደ ኣሰለፈች ከኋላ ወንበር ወደ ወንድሟ ተጠግታ አንሾካሾከች።

«ምንም አታስታውስም። አትንገራት።»

አትንገራት! ያኔም የተባባሉት ይህንኑ ነበር። ሸዋወርቅ ዓይኗን ገለጠች።

«ሀሰን፣ ወንድሜ፣ እባክህ ዳር ያዝና አቁምልኝ» አለች። ድምፅዋ የተማሪ ስም የምትጠራበት ድምፅ ነው። ሀሰን አቆመ። ወደ ባሏ ዞረች። «ሃይለ፣ ለሰይጣን የነገርከውን ለእኔ ንገረኝ።»

ሃይለ አመዱ ቡን አለ። «ታ... ታስታውሻለሽ?»

«የረሳሁት አንድም ቃል የለም። ንገረኝ።»

«እግዚኦ!» አለች ኣሰለፈች ከኋላ፤ «አልወጣም እኮ! ሀሰን፣ አዙር፣ እንመለስ!»

«አንቺ ዝም በይ!» አላት ሃይለ። እህቱን እንዲያ ሲላት በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሚስቱን አያት። «ሰኞ ነው» አለ። «ሰኞ ነው የሰማሁት፣ ሸዋ። ለአንቺ ብዬ አልነበረም።»

ሸዋወርቅ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ደወለች፣ ለሃይለ አቀበለችው። «ሚስቱ ናት የምታነሣው። ሃይለ ነኝ፣ ፈንታሁንን አገናኚኝ በላት።»

ሃይለ ለሴትየዋ እንደተባለው ተናግሮ ስልኩን ይዞ ጠበቀ። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ሚኒባሱን አወዛወዘው። ወዲያው ከወዲያኛው ጫፍ ወፈር ያለ የወንድ ድምፅ «አቤት» አለ።

«ፈንታሁን... ሃይለ ነኝ። አትዝጋብኝ። ያኔ የደወልክልኝ ሰኞ ነበር። እሷ አታውቅም ነበር፤ ደብቄያት ነው። አንተ አልዋሸህም፣ እሷም አልዋሸችም።»

 ሀሰን እንኳ ዞሮ አየ። ቀጥሎ ድምፁ «የት ናት? ስጣት» አለ።

ሸዋወርቅ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሸዋ» አላት ወንድሟ። «እኔ እኮ እጅሽን አይቼ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ፈንታዬ» አለች፤ ሚኒባሱ መንገድ ዳር እንደቆመ እህትና ወንድም እናታቸውን አለቀሱ።